የዳር ደጃዝማች ወደ እርፉ ሲመለሱ

እርሻ በታረሰበት አገር ሁሉ ዳር ተቀምጦ የሚያርስ ሰው አይጠፋም። በሬው የሌላ፣ ሞፈሩ የሌላ፣ ላቡም የሌላ ነው፤ አስተያየቱ ግን የራሱ። ግድግዳ ሲመረግ ጭቃው ቀጥኗል ይላል። በግ ሲታረድ ቢላዋው በየት በኩል መግባት እንዳለበት ያሳያል። ቀብር ላይ እንኳ ጉድጓዱ ጠመም አለ ብሎ ቆፋሪዎቹን ያስቆማል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መንደር ካለ ንገሩንና ጓዛችንን ጠቅልለን እንግባበት።

ከወረታ ወደ ርብ ወንዝ ዝቅ ብሎ ባለው መንደር ይህን ሹመት የያዙት አያ አበረ ነበሩ። ከሹመቱ ደግሞ ትልቁን ፍዳ የሚቀበለው ድንበርተኛቸው ደሞዝ ነበር። እርፍ ሲጨብጥ "ኧረ እንዲህ አይደለም!" ይሉታል። ዘር ሲበትን "እኔን ስማኝ!" ይሉታል። ደሞዝ የልጆች አባት ነው፤ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማለት ጀምሯል። ይሁንና አንድ ቀን ከማሳው ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ ቁጥቋጦ አዙሮ ለጉዳዩ ቁጭ ባለበት፣ ከወዲያ ማዶ ያው ድምፅ መጣ፤ "ኧረ እንዲህ አይደለም! ነፋሱን አይተህ ዙር እንጂ!"

የሚያስከፋው ደግሞ ነፋሱን በተመለከተ ልክ መሆናቸው ነው።

መንደሩ "የዳር ደጃዝማች" ብሎ ማዕረግ ሰጣቸው። የተሾሙት እንግዲህ ማዕረግ ሁሉ በአዋጅ ከተሻረ በኋላ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ያየህ፣ ከካኪ ሸሚዙ የማይለየው፣ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ "ጓዶች! ደጃዝማች የሚባል ነገር ቀርቷል!" ብሎ ቢቆጣ፣ ከኋላ አንዱ "እሺ፣ ጓድ ደጃዝማች እንበላቸዋ!" አለ። ስሙ በዚያው ጸና።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን፣ አያ አበረ ድሮ በአፋቸው ብቻ የሚያርሱ ሰው አልነበሩም። ትልማቸው እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ያለ ነበር። ነገር የተበላሸው አንድ ክረምት ጥቁሩ የዋልካ ጭቃ እስከ ቅልጥም በሚውጥበት ሰሞን፣ ቦራ የሚሉት በሬያቸው ተንሸራቶ ከነቀንበሩ ጉልበታቸው ላይ የወደቀ ዕለት ነው። ወጌሻ መጣ፤ አሸ፣ ጠገነ፣ በቀርከሃ አሰረ። ጉልበቱ ግን እንደ ሊጥ ኩፍ እያለ ሄደ። ወደ ጎንደር መወሰድ አለባቸው ተባለ።

ቃሬዛ ተሠርቶ፣ ደሞዝና የመንደሩ ጎረምሶች ተሸክመው ወደ ወረታ አስፋልት ይዘዋቸው ወጡ። ሕመምተኛው አፋቸው ደህና ነበር።

"ኧረ እንዲህ አይደለም! የፊተኞቹ ዝቅ፣ የኋለኞቹ ቀና! አዛባ የተሸከማችሁ መሰላችሁ?"

ረግረጉ ጋ ሲደርሱ "አትዙሩ፣ እኔን ስሙኝ፣ በመካከሉ!" አሉ። በመካከሉ ሄዱ። እስከ ጭናቸው ገቡ። ደሞዝ ጭቃ ውስጥ እንደ ችካል ተተክሎ፣ ቃሬዛውን ትከሻው ላይ እንደያዘ፣ "አያ አበረ፣ ቃሬዛ ላይ የተኛ ሰው ዝም ሲል ነው የሚያምርበት" አላቸው።

"ዝም ያልሁ ዕለት ሬሳ ነኝ። ያን ጊዜ እንደ ፈለጋችሁ ተሸከሙኝ!" አሉት።

ጎንደር ጉልበታቸው ተከፈተ፤ ብረት ገባበት፤ ተሰፋ። አጥንቱ እስኪይዝ አርፈው እንዲቀመጡ ሐኪሙ አጥብቆ አዘዛቸው። አርፈው ተቀመጡም፤ ማለትም አውድማ ላይ ጤፍ ሲከመር እስኪያዩ ድረስ ተቀመጡ። ክምሩ ወደ አንድ በኩል ዘመም ብሏል። አያ አበረ ደግሞ የዘመመ ክምር እያዩ ዝም ከሚሉ ጉልበታቸው ሁለት ጊዜ ቢሰበር ይመርጣሉ። ምርጫቸው ተፈጸመላቸው። በክራንቻ ክምሩ ላይ ወጡ፤ ያለ ክራንቻ ወረዱ።

ሐኪሙ ለሁለተኛ ጊዜ ሲከፍተው፣ "አባቴ፣ ይህ ጉልበት የጆንያ አፍ አይደለም፤ እየተፈታ አይታሰርም" አላቸው።

"ድሮም ክሩን ሳብ አድርገህ ብታጠብቀው ኖሮ..." ብለው ጀመሩለት። ሐኪሙም ሳቀ፣ አስታማሚዎቹም ሳቁ። ሐኪሙ ብልህ ሰው ነበርና ሲያሰናብታቸው ዝም ብለው ይቀመጡ አላለም። ይህን ሰው ተቀመጥ ማለት ጅረትን ተኛ ማለት እንደሆነ ገብቶታል። ሥራ ሰጣቸው፤ ጠዋትና ማታ ወንበር ላይ ሆነው፣ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ የአሸዋ ከረጢት አንጠልጥለው፣ እግራቸውን ቀስ እያሉ ቀና እንዲያደርጉ። "እግዚአብሔር ካለ ይራመዱበታል። ከሠሩበት ደግሞ ያርሱበታል" አላቸው።

ወንዛዬ ፍል ውሃም ሄደው ነበር። እዚያም ማን በየት በኩል መግባት፣ ማን ምን ያህል መንከር እንዳለበት ሲያሳዩ ሰነበቱ። ሳምንት ሳይሞላ ሕመምተኛው ሁሉ ወደ ሌላኛው ጉድጓድ ሸሸና ብቻቸውን ቀሩ። ሲመለሱ ለደሞዝ "አየህ፣ ማወቄን ሲያዩ ቦታውን ለቀቁልኝ" ብለው አወሩለት።

እስከዚያው መሬታቸው ጦም አላደረም። ሁለት ክረምት ሙሉ ጎረቤት ተረዳድቶ በራሳቸው በሬዎች፣ በወይኖና በቦራ፣ አረሰላቸው። ከሁሉም ይልቅ እርፉን የሚጨብጠው ደሞዝ ነበር። አያ አበረ ከማሳው ዳር፣ ሾላው ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘርግተው ያዝዛሉ። ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው፤ በሬዎቹ ከሾላው ሥር ለሚመጣው ድምፅ ተገዙ። ደሞዝ "ቁም!" ቢል አይሰሙትም፤ ከጥላው "ቁሙ!" ሲባል ይገተራሉ። ትልሙ ዳር ደርሶ ደሞዝ አፉን ሳይከፍት፣ ከጥላው "ዙር!" ይባላል፤ ይዞራሉ። ደሞዝ እርፍ የያዘ ሰው መሆኑ ቀርቶ በበሬ ጭራ ላይ ያረፈ ዝንብ የሆነ መሰለው።

በየዝክሩ፣ በየማኅበሩ "የአያ አበረን ጉልበት ይማርልን!" ይባል ነበር። ከፍቅር ይሁን ከጆሮ ሕመም እግዜር ይወቀው።

በሦስተኛው ዓመት በልግ ላይ ግን ቀልዱ ቀረ። ያየህ ስብሰባ ጠርቶ የመሬት ሽግሽግ እንደሚደረግ ተናገረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር።

"መሬት ላራሹ ነው እንጂ ለተናጋሪው አይደለም" አለ። "አያ አበረ ክፉ ቀን ደርሶባቸዋል፤ ሁለት ክረምት ታገሥን። በዚህ ሰኔ ራሳቸው እርፍ ጨብጠው ካረሱ የርብ ዳሩ ማሳ የእሳቸው ነው። ካልሆነላቸው ለሚያርስ ይሰጣል፤ እሳቸውን የጓሮው ይበቃቸዋል።"

ስብሰባው ሲበተን ደሞዝን ነጠል አድርጎ፣ "ድንበርተኛው አንተ ነህ፤ ልጆችም አሉህ። ለሌላ አይሄድም" አለው።

ደሞዝ ወደ ቤቱ ሲሄድ ነገሩን አገላበጠው። ያ ጥቁር አፈር! ጤፍ ቢዘሩበት ወገብ የሚደርስ። ደግሞም ዳሩ ላይ ማንም የማይቀመጥበት። ሁለት ጸጋ ባንድ ቀን፤ መሬትና ጸጥታ። ደስ አለው። ደስ ስላለው አፈረ። ካፈረ በኋላም ደስታው ሙሉ ለሙሉ አልሄደለትም።

ከዚያ ወዲህ ከአጥሩ ማዶ የሚሰማው ነገር በዛ። አንድ ጠዋት በቁልቋሉ መካከል አጮልቆ ቢያይ፣ አያ አበረ ደጃፍ ተቀምጠው፣ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ማረሻ በጠፍር አንጠልጥለው እግራቸውን ያነሣሉ። ባለቤታቸው ወለተ ሐና ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል።

"አንተ ሰው፣ ሐኪሙ አሸዋ አይደለም ወይ ያለህ?"

"አሸዋ ማረስ ያውቃል? ጉልበቴ ከማን ጋር እንደሚውል ከወዲሁ ይላመድ እንጂ!"

"ብረት በውስጥ፣ ብረት በውጭ! ቀጥቃጭ ቤት ያገባሁ መሰለኝ።"

እግራቸው ተንቀጠቀጠ። አያ አበረ ወደ ጉልበታቸው ጎንበስ ብለው፣ "ኧረ እንዲህ አይደለም! ሳትንቀጠቀጥ! እኔን ስማኝ!" አሉት። ደሞዝ ከራሱ ሌላ ይህን ትእዛዝ የሚቀበል ፍጡር ሲያይ የመጀመሪያው ነውና ጉልበቱ አሳዘነው። ቀና ሲል ግን የሰውየው ፊት በላብ ተጠምቆ፣ ዕንባ በጉንጫቸው ሲወርድ አየ። ቀስ ብሎ ከአጥሩ ራቀ።

ከዚያ ክራንቻው በምርኩዝ ተለወጠ። ምርኩዙን ይዘው እስከ ወንዙ፣ ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ግንቦት ሲጋመስ ይፋግ ገበያ በእግራቸው ደርሰው ተመለሱ፤ መንገዱን ሁሉ ሰው አህያ እንዴት እንደሚጫን እያስተማሩ።

ሰኔ ገባ። በተቀጠረው ቀን መንደሩ ሾላው ሥር ተሰበሰበ፤ ያየህም ከኮሚቴዎቹ ጋር መጣ። አያ አበረ ጉልበታቸውን በመቀነት ጠምጥመው ወይኖንና ቦራን ጠመዱ፤ አማተቡ፤ እርፉን ጨበጡ።

አንድ ትልም አወጡ። ቀጥ ያለ። ዞሩ፤ ሁለተኛውን ጀመሩ። ጥርሳቸውን ነክሰዋል፤ ልባቸው ሁሉ ጉልበታቸው ላይ ነው። ያኔ ሾላው ሥር ለተቀመጠው ደሞዝ አንድ የጎደለ ነገር ተሰማው። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቀም። ቆይቶ ገባው። አያ አበረ አልተናገሩም። አንዲት ቃል እንኳ! "ዝም ያልሁ ዕለት ሬሳ ነኝ" ያሉት ትዝ ብሎት ጀርባውን በረደው።

ማሳው መካከል ሲደርሱ በሬዎቹ ቆሙ።

ጅራፍ ጮኸ፤ አልተነቃነቁም። ሁለቱም አንገታቸውን አዙረው ወደ ሾላው አዩ። ሁለት ክረምት ትእዛዝ የመጣው ከዚያ ነው፤ ዛሬ ከዚያ ምንም አልመጣም። አያ አበረ አፋቸውን ከፈቱ፤ ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አልወጣም። እግራቸው ዋልካው ውስጥ ቀስ እያለ እየሰጠመ ነው። ትንሽ ከቆየ በዚያ ጉልበት አይነቀልም።

ያየህ ጉሮሮውን ጠረገ። ዓይኑ ወደ ደሞዝ ሄደ።

ማሳው ከደሞዝ ፊት ተዘርግቷል። ከእሱ የሚፈለገው ቁጭ እንዳለ ቁጭ ማለት ብቻ ነበር፤ ሥራ ከተባለ ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም። ደሞዝ ብድግ አለ።

"ኧረ እንዲህ አይደለም!" ብሎ ጮኸ። "ወይኖ! ቦራ! እኔን ስሙኝ! ሂዱ!"

የራሱን ድምፅ ራሱ አላወቀውም። በሬዎቹ ጆሯቸውን ቀሰሩ። ይህ የሚያውቁት ቋንቋ ነው። ቀንበሩ ሲጢጥ አለ፤ ተነቃነቁ። የአያ አበረ እግር ከጭቃው ተመዥርጦ ወጣ፤ ቀጥሎ ሌላው።

ከዚያ በኋላማ ማን ዝም ይላል! "ግራውን ጫን ያድርጉት፣ አያ አበረ!" አለ አንዱ። "ኧረ ይዙሩ፣ ይዙሩ!" አለች ሌላዋ። ሁለት ክረምት የተጠራቀመ ምክር ከሾላው ሥር እንደ በረዶ ወረደ። ያየህ እንኳ ካኪውን ረስቶ "እዚያ ጋ ቀስ! ረግረግ ነው፣ ቀስ!" ሲል ተሰማ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አያ አበረ ትንፋሻቸው ተመለሰና እርፉን እንደያዙ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣

"ዝም በሉ እንግዲህ! የማያርስ ሰው ስለ እርሻ ምን አገባው?" አሉ።

ሾላው ሥር ሳቁ አላቆም አለ። ያየህ ዓይኑን እየጠረገ፣ "ላራሹ ነው ብለናል፤ አራሹ ተገኝቷል" ብሎ ከኮሚቴዎቹ ጋር ሄደ።

ሲመሻሽ በሬዎቹ ተፈትተው ወንዙ ዳር ሣር ያዙ። አያ አበረ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘርግተዋል፤ ጉልበታቸው አብጧል፤ ፊታቸው ግን የሠርግ ቤት መስሏል። ደሞዝ አጠገባቸው ቆሞ ምርቃት ጠበቀ። ያን የመሰለ ማሳ በአንድ ጩኸት ለሰጠ ሰው ምርቃት አይበዛበትም።

"ደሞዝ።"

"አቤት፣ አያ አበረ።"

"ቀን ከዚህ የጮህኸው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

ብዙ አዩት። ዓይናቸው ዕንባ ሞላ። 

"ኧረ እንዲህ አይደለም!" አሉ። "በጉሮሮ ይጮኻል ወይ? በሬ ጉሮሮ አያምንም። ከሆድ ነው! ነገ ማሳህን አብረን እናርሰዋለን፤ ወይኖንና ቦራን ይዤ እመጣለሁ፤ ያኔ ከጎንህ ሆኜ አሳይሃለሁ። አሁን አንዴ ሞክረው እስቲ። እኔን ስማኝ።"

መሬቱም ጸጥታውም የሄደበት ደሞዝ፣ እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመ፤ በሆዱ ሙሉ አየር ሳበ፤ በባዶው ሜዳ ላይ እስከ ርብ ማዶ በሚሰማ ድምፅ ጮኸ። ወይኖና ቦራ ከሣሩ ቀና አሉ።

"አሁን" አሉ አያ አበረ፣ "ትንሽ ቀረብህ።"