የመጨረሻው ባቡር ገና አልደረሰም

ጡረታ የሚወጣው ሰውየው ነው እንጂ ሥራው አይደለም። እያንዳንዱ ሰፈር ወሬን ሁሉ ጎትቶ ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቱ የሚያስገባ አንድ ጡረተኛ አለው። ስለ ጥርስ ሕመም አንሱበት፣ ስለ ልጅ ፈተና አንሱበት፣ ብዙ ሳትርቁ የእሱ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣችሁ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ። የእናንተው ምናልባት የባንክ ሰው ይሆናል። የኛ ሕንፃ የደረሰው የባቡር ነው።

ክቡር የጣቢያ ሹም እላቸዋለሁ። ሹመቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ በወረቀት ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የታችኛው ጣቢያ ተረኛ ነበሩ። ፊት ለፊት ግን ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸው ደረጃው ግርጌ ካለው ቤት፣ እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነን። እናም ስወጣም ስወርድም በጣቢያቸው አልፋለሁ።

ባቡሩ ከከተማችን ተነስቶ ተራራው አናት ላይ እብነ በረድ ተፈልፍሎ እስከሚወጣበት ካባ ድረስ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ይወጣ ነበር። በሁለቱ ሐዲዶች መሃል ጥርስ ያለው ሦስተኛ ብረት ተዘርግቶለታል። በጋሼ አነጋገር፣ «ተራራውን በጥርሱ ነክሶ ነው የሚወጣው።» ኋላ እብነ በረዱ አለቀ፤ አስፋልት ወጣ፤ ባቡሩ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚወጣውን አውቶቡስ በሃያ ደቂቃ ይወጣው ጀመር፤ ተሳፋሪውም አንድ በአንድ ከዳ። ከተዘጋ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ታሪኩ በአጭሩ ይኸው ነው። በረጅሙ የፈለገ የጋሼን በር ያንኳኳ፤ ምሳውን ግን በልቶ ይሂድ።

ለምሳሌ ዋሻው በካርታ ላይ ሦስት መቶ ሜትር ነው። በጋሼ አፍ እንደ አድማጩ ትዕግሥት ይረዝማል። የቧንቧ ሠራተኛው እጁ ቱቦ ውስጥ ተይዞ መሄድ ያቃተው ቀን ስምንት መቶ ደርሶ ነበር።

የታሪኩ እምብርት ግን በትሩ ነው። ሐዲዱ አንድ ብቻ ስለነበር ወጪና ወራጅ እንዳይላተሙ አንድ ክንድ የሚያህል የብረት በትር ነበር። በትሩን የያዘ ነጂ ይሄዳል፣ ያልያዘ ይቆማል፣ በቃ። ጋሼ በትሩን ለነጂው ሲሰጡ ሰዓቱን መዝገብ ላይ ይጽፋሉ፤ ሲመለስላቸው ከጎኑ ይጽፋሉ። የዓለም ችግር ሁሉ በዚህ መንገድ ይፈታል ብለው ያምናሉ። የወንድማቸው ልጅ ከእጮኛው ጋር እቤታቸው መጥተው ቃል እየተነጣጠቁ ሲጨቃጨቁ፣ ጋሼ በመሃል ገብተው ማንኪያ አንስተው ሰጧቸው። «ማንኪያውን የያዘ ይናገር» አሏቸው። ተጋብተዋል፤ ማንኪያውንም ይዘውት ሄደዋል።

አምና ደግሞ አራተኛ ፎቅ ያለው ነርስ ማቀዝቀዣ ሲያስወጣ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ ሶፋ ስታስወርድ ደረጃው መሃል ላይ ተገጣጠሙ። ወደ ኋላ እመለሳለሁ የሚል ጠፋ። እኔም ከሶፋው በላይ ተይዤ ቀረሁ። ይሄኔ ከታች አንድ በር ተከፈተ።

«በትሩ ማን ጋ ነው?» አሉ ጋሼ።

ማንም ጋ አልነበረም። በማግሥቱ ደረጃው ግርጌ አንድ የመጥረጊያ እጀታ ተሰቅሎ አገኘን። ከባድ ዕቃ የያዘ ሰው ያንን ሳይዝ እንዳይወጣ፣ እንዳይወርድ ተብሎ ከሥሩ ተጽፏል። ከት ብለን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ግን ደረጃ ላይ የተጋጨ የለም።

«ባቡሩ ቆሟል ይላሉ» ይላሉ ባለቤታቸው እትዬ፣ «እኔ ቤት ግን በቀን ሦስቴ ያልፋል።» እኔም ብሆን አላረፍኩም፤ እዚሁ ዓምድ ላይ ሁለት ጊዜ ቀልጄባቸዋለሁ። ሁለቱንም ከጋዜጣው ቆርጠው በራቸው ላይ ለጥፈዋቸዋል፤ የዋሻውን ርዝመት በቀይ እስክሪብቶ አርመው።

ባለፈው ወር ታዲያ ጋሼ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው አንኳኩ። ጉልበታቸው እሺ ስለማይላቸው ከዚያ በፊት ወጥተው አያውቁም። መዝገቡን በብብታቸው ይዘዋል።

«የላይኛው ጣቢያ ሊፈርስ ነው» አሉ። «የስልክ ማማ ሊተክሉበት ነው።»

የመዝገቡን መጨረሻ ገጽ ገለጡልኝ። የመጨረሻው መስመር ላይ «የወጣበት፦ አራት ከሩብ» ይላል። «የተመለሰበት» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ያን ቀን ባቡሩ ላይኛው ጣቢያ ከደረሰ በኋላ፣ መስመሩ ተዘግቷል፣ ባቡሩ እዚያው ይቁም የሚል ስልክ ተደወለ። ሠራተኛው ወረደ፤ በምን እንደወረደ ሲነግሩኝ «በአውቶቡስ» ያሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። በኋላም ባቡሩን ቆራርጠው ለብረት ቀላጭ ሸጡት። በትሩ ግን እዚያው ላይ ቀረ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባቡር ጠፍቶብኝ አያውቅም» አሉ ጋሼ። «እኔ ተረኛ ሆኜ የወጣ አንድ ባቡር ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልደረሰም።»

«ታዲያ በዚህ ሁሉ ዓመት ለምን ሰው ልከው አላስመጡትም?»

«በትር ከላይ ይላካል እንጂ ከታች አይጠራም። ይህ በደንቡ አለ።»

ይህን ብለው መዝገባቸውን አጥፈው ወረዱ። ከሰዓት በኋላ እትዬ መጡ።

«እሱ አይለምንህም፤ ደንቡ አይፈቅድለትም» አሉኝ። «እኔ ግን ደንብ የለኝም። ሂድለት፣ ልጄ። ያቺን ባዶ ቦታ እያየ እንዳይሞትብኝ።»

በማግሥቱ ማማ ከሚተክሉት ሠራተኞች ጋር በመኪናቸው ወጣሁ። ጋሼ በትሩ ላይ የሚሰቀልበትን ቦታ በወሬ መሃል ነግረውኛል፤ ከበሩ በስተኋላ፣ ሁለተኛው ምስማር ላይ፤ አንደኛው የካፖርት ነው። በሩን ሦስት ሆነን ገፋነው። ካፖርቱ የለም። በትሩ ግን ሁለተኛው ምስማር ላይ ዝጎ ተንጠልጥሏል። የቀለድኩበት ነገር እውነት ሆኖ ምስማር ላይ ሲጠብቀኝ የመጀመሪያዬ ነው። አፈርኩ።

በዚያው መኪና እየከነፍኩ ወርጄ ለጋሼ አቀረብኩላቸው። እጃቸውን ዘረጉ፤ ግማሽ መንገድ ላይ አቆሙት።

«በየት በኩል መጣህ?»

«በአስፋልቱ።»

እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱት። «በመንገድ የመጣ በትር አልቀበልም።»

«ጋሼ!»

«በትሩን ተቀበልኩ ማለት መስመሩ ነጻ ነው ብዬ ፈረምኩ ማለት ነው። አንተ መስመሩን አላየኸውም። ዋሻው ውስጥ ምን እንዳለ በምን አውቄ ነው የምፈርመው?»

እየተራገምኩ ቤቴ ገባሁ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ትክክል መሆናቸው ነው።

ቅዳሜ ለእትዬ ነግሬ፣ በትሩን ይዤ ተመልሼ ወጣሁ፤ ልክ አራት ከሩብ ላይ ከላይኛው ጣቢያ በእግሬ ተነሳሁ። ሐዲዱን ቁጥቋጦ ውጦታል፤ የመሃሉ ብረት ጥርሱ እየረገፈ ነው። ዋሻው ውስጥ ከሌሊት ወፍ በቀር ማንም የለም። በእርምጃ ለካሁት፤ ሦስት መቶ አሥር ሜትር ቢሆን ነው። ጫማዬ ተገነጠለ፤ ሁለቴ ወደቅኩ፤ በትሩን ግን አልጣልኩም።

የታችኛው ጣቢያ ዛሬ ጎማ መጠገኛ ነው። ጋሼ በጎማዎቹ መሃል ቆመው ይጠብቃሉ። የደንብ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ቁልፉ ሆዳቸው ላይ አልገጥም ብሏል። እትዬ ወንበር ይዘው ከኋላቸው ቆመዋል፤ ጋሼ ግን አልቀመጥም ብለዋል። ጎማ ጠጋኙ የሚጮኸውን ሞተሩን አጠፋ።

«መስመሩ?» አሉኝ ጋሼ።

«ነጻ ነው።»

በትሩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። መዝገቡን ጎማ ላይ ዘርግተው ሰዓቱን ጻፉ። «የዘገየበት ምክንያት» የሚለው ጋ ሲደርሱ ብዙ አሰቡ። ከዚያ «መልእክተኛ ባለመገኘቱ» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከበላያቸው የኖርኩት እኔ ወደ ተገነጠለው ጫማዬ አቀረቀርኩ።

እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ዝም አሉ። ሳገኛቸው ሰላም ይሉኛል፤ ጤናዬን ይጠይቁኛል፤ ይባስ ብለው መልሴን እስከ መጨረሻው ይሰሙኛል። ስለ ጥርሴ ነገርኳቸው፤ «እግዜር ይማርህ» ብለው ገቡ። ስለ ባቡር አንዲት ቃል የለም። ልብስ ሰፊዋና የጋዝ አመላላሹ ደረጃው ላይ ተገጣጥመው ሲጯጯሁ፣ ከታች በር የከፈተ ሰው አልነበረም።

«አርባ ዓመት ጸጥታ ስመኝ ኖሬ ነበር» አሉኝ እትዬ። «ሲመጣ ግን አልወደድኩትም።»

እኔም አልወደድኩትም። እውነቱን ልናገር፤ ናፈቁኝ።

ትናንት ሄጄ አንድ የመጻሕፍት መደርደሪያ ገዛሁ። አያስፈልገኝም፤ ቤቴ ማስቀመጫ ቦታም የለው። አሸክሜ አምጥቼ ደረጃው ግርጌ አስቆምኩትና የጋሼን በር አንኳኳሁ።

«ጋሼ፣ በትሩ ማን ጋ ነው?»

እኔን አዩኝ። መደርደሪያውን አዩት። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ።

«ቆይ፣ መዝገብ ላምጣ» አሉ።

እትዬ ከጓዳ «ይኸው ጀመረው» ሲሉ ተሰማኝ፤ በሳቅ ነው ያሉት። ጋሼ መዝገቡንና እስክሪብቶውን ይዘው ብቅ አሉ፤ ሊጽፉ ካሉ በኋላ ግን ቀና ብለው አዩኝ።

«ለመሆኑ ያን ቀን በዋሻው ስታልፍ ርዝመቱ ስንት መሰለህ?»

«ኪሎ ሜትር ሳይሞላ አይቀርም፣ ጋሼ።»

«ነግሬህ አልነበር?» አሉና አዲስ ገጽ ገለጡ።