የፊኛ ጢም

ባለሙያ ሁሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሚችለውን እየደጋገመ ያስጨበጭባል። ሁለተኛው ያቃተችውን አንዲት ነገር ይዞ በር ይዘጋና ቤተሰቡን ያሳብዳል። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይባላል፤ እንቁላሉ መራመድ የሚለማመደው በማን ጣሪያ ላይ እንደሆነ ግን ተረቱ ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ጸጉር አስተካካዩ የሁለተኛው ወገን አለቃ ነበር። ሚስቱ ይህን ያወቀችው በጆሮዋ ነው።

ጧ!

"ነፍስ ይማር" ይላል ከጓዳ።

"ደግሞ ማን አረፉ?" ትላለች ወጧን እያማሰለች።

"ክቡር አቶ ቢጫው። ደግ ሰው ነበሩ፤ አገጫቸው ስር ጨረስኳቸው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በምላጭ ጢም መላጨት የሚማር ሰው መጀመሪያ ፊኛ ይነፋል፤ በሳሙና አረፋ ያለብሰውና ሳያፈነዳ አረፋውን በምላጭ ይጠርጋል። ጀማሪ ይህን አንድ ሰሞን ይሠራና ወደ ሰው ፊት ይሻገራል። የእሷ ባል ግን ጀማሪ አልነበረም። ደንበኞች ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይዟቸው ጭልጥ የሚሉለት፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። እሱ ወደ ፊኛ ሲመለስ ጡረታ የወጣ መምህር "ሀ ሁ" ሲል የሰማች መሰላት።

ደግሞ ፊኛውን ሙሉውን ቢላጭ ጥሩ! "ጉንጭማ ማንም ይላጫል" ይላል። በእስክሪብቶ አፍንጫና ጉሮሮ ይስልና፣ አገጭ ስር ያለችውን አንዲት ጥግ ብቻ ሙጭጭ ይላል። ሲያፈነዳ አይበሳጭም። ቁራጩን አንስቶ የት እንደተቀደደ ያያል፤ የአውራ ጣቱን አያያዝ ትንሽ ይለውጣል፤ "እንደገና" ይላል። "እንደገና" በዚያ ቤት ከ"እንደምን አደርሽ" በላይ የሚሰማ ቃል ሆነ።

ፊኛ ገዢዋ እሷ ናት።

"እትዬ፣ ዛሬስ የማን ልደት ነው?" ይላታል ባለሱቁ።

"የባሌ።"

"ባለፈውም የእሳቸው ነበር እኮ።"

"ቶሎ ቶሎ ነው የሚያረጀው።"

ከስር ያለችው ጎረቤት ደግሞ ደረጃ ላይ ጠብቃ ያዘቻት። "እህቴ፣ ሰላም ነው? ባልሽ ከማን ጋር ነው የሚዋጋው?"

"ከአገጭ ጋር።"

ሳቋ ግን አባቷ ትዝ ሲሏት ይቆማል። አባቷ ባሏ የሚሠራበትን ጸጉር ቤት የከፈቱ፣ እሱንም ምላጭ አያያዝ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከታመሙ ወዲህ ጭንቅላታቸው ይንቀጠቀጣል፤ እጃቸውም አይታዘዝላቸውም። የመላጫ ማሽን ቢያመጡላቸው "ማሽን ለበግ ነው" ብለው መለሱት። ባሏ አንዴ በምላጭ ሞክሮ አገጫቸው ስር ቆረጣቸው። ሽማግሌው ደሙን በፎጣ ጠረጉና "በቃ፣ ተዉኝ" አሉ። ከዚያ ወዲህ ጢማቸው ተንጨባረረ። መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት፤ ከቤት መውጣትም ተዉ። የዚያ ሁሉ ሰው ፊት በእጃቸው ያማረ ሰውዬ!

ባሏም ስለ አባቷ ጢም ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንፍሽ አላለም። ይህ ነበር የሚያንገበግባት።

"ለፊኛ ያለህን ትዕግስት ለአባቴ ብትሰጠው ምናለ?" አለችው አንድ ቀን።

"ገና ነኝ" አለ እሱ፣ ፊኛ እየነፋ።

በማግስቱ ባሰበት። ፊኛውን በክር አንጠልጥሎ ማራገቢያ ከፈተበት። ጧ! እንደገና። ጧ!

"አሁንስ ለየልህ!" አለች ማማሰያዋን እንደያዘች ገብታ። "ማን ነው እንዲህ እየተወዛወዘ የሚላጨው?"

እሱ ምላጩን ጠረገ። እሷም ፊኛውን አየችው። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ በትንሽ በትንሹ፣ "እምቢ፣ እምቢ" እንደሚል ሰው ይንቀጠቀጣል። ከአፍንጫው በላይ ወፍራም ቅንድብ ተስሎለታል። ያንን ቅንድብ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

ማማሰያውን አስቀመጠች። ሄዳ የማራገቢያውን ፍጥነት ቀነሰችው።

"የአባባ እንዲህ አይፈጥንም" አለች።

ከዚያ በኋላ ፊኛ የምትነፋው እሷ ሆነች። ባሏም ምስጢሩን አገኘው፤ ፊኛውን አስቁሞ መላጨት አይቻልም። ግራ እጁን ፊኛው ላይ ያሳርፋል፤ ምላጩን የያዘውን እጅ በግራው ላይ ይደግፋል፤ ከዚያ ሦስቱም አብረው ይወዛወዛሉ። ፍንዳታው እየተራራቀ ሄደ። የታችኛዋ ጎረቤት ጨንቋት "ምነው፣ ታመመ እንዴ?" ብላ መጣች።

እሑድ ዕለት ባልና ሚስቱ ሽማግሌው ቤት ሄዱ።

"አባባ፣ እስቲ ቁጭ ይበሉ" አለ ባሏ፣ ፎጣውን ዘርግቶ።

"ወሬህ ደርሶኛል። ስንት ፊኛ ገደልክ?"

"ኧረ አይቆጠሩም።"

"እኔንስ?"

"እርስዎ አይፈነዱም፣ አባባ። ቢበዛ ይቆጣሉ።"

ሽማግሌው ሳቅ አመለጣቸው፤ እየሳቁም ተቀመጡ። ግራ እጁ ጉንጫቸው ላይ አረፈ። ጭንቅላታቸው ተንቀጠቀጠ፤ እጁም ምላጩም አብረው ሄዱ። አገጭ ስር ሲደርስ ልጃቸው መተንፈስ አቆመች። "ጧ" የሚል ነገር አልተሰማም። አረፋው ብቻ ፎጣው ላይ ወደቀ፤ ነጭ፣ ደም ያልነካው።

ሽማግሌው የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን አንስተው በጣታቸው ጀርባ ፊታቸውን ዳሰሱ፤ ድሮ የተማሪ ሥራ ሲፈትሹ እንደሚያደርጉት። ጉንጭ። አገጭ። ጉሮሮ። ጆሯቸው ስር ቆሙ።

"እዚህ ጋ አንዲት ጸጉር ቀርታለች።"

"አዎ፣ አባባ።"

"ገና ነህ።"

ባሏ ሽልማት እንደተቀበለ ሰው ፊቱ በራ። ሽማግሌው ደግሞ ወደ ልጃቸው ዞረው "በይ ኮቴን አምጪ፤ ወጣ ብዬ ሰው ልይ" አሉ።

ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይልካት ሱቅ ሄደች።

"እትዬ፣ ዛሬስ የማን ልደት ነው?"

"የአባቴ" አለች። "ትልልቁን ስጠኝ፤ ጆሮ የሚሳልበት።"