ከአየለች የሚበልጥ ድሪል

እናንተዬ፣ የጎረቤት ምርቃት አስቀንቷችሁ ያውቃል? እኔን ከሶዶ ሰው ሁሉ ለይቶ አስቀንቶኛል። ድሮ በሰፈራችን ሚስማር መቺዋ እኔ ነበርኩ፤ «እጅሽ ይባረክ!» የሚባለውም ለእኔ ነበር። የእጄን አንጓ ቁርጥማት ሲይዘው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ቀኝ እጇ ቶሎ የሚዝልባት ጎረቤቴ አየለች ትንሽ የባትሪ ድሪል ገዛችና ምርቃቴን ጠቅልላ ወሰደች። መጋረጃ ይሰቀል? አየለች ትጠራ! መደርደሪያ ይገጠም? አየለች!

እኔም ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ «እጅሽ የሚችለው የትኛውን ነው፣ እናቴ?» ቢለኝ «ከአየለች የሚበልጠውን» አልኩት። የሚበልጠውንማ ሰጠኝ፤ ክብደቱ የጎደሬ ጆንያ ነው! ጎረቤት ጠርቼ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ ወደ ግድግዳው ሳነሳው አንጓዬ ከዳኝ። ድሪሉ እየጮኸ ግድግዳውን ትቶ ቁም ሳጥኔን በስቶት አረፈው።

አየለች ደግፋ አወረደችኝ። «እኔ እኮ ሱቁ ውስጥ ድሪሎቹን አንድ በአንድ ከራሴ በላይ እያነሳሁ፣ እጄ ሳይንቀጠቀጥ እስከ ሃያ የቆጠርኩበትን ነው የገዛሁት። አንቺ ስንት ቆጠርሽ፣ እቴ?»

እኔ የእሷን ምርቃት ነበር ስቆጥር የከረምኩት፤ በዚያ ሳምንት ብቻ አሥራ አራት ደርሶ ነበር።