በሙሉ ድምፅ የጸዳች ዲስክ

የአንድን ነገር ድራሽ ማጥፋት ከፈለጋችሁ ብቻችሁን አትልፉ፤ ኮሚቴ አቋቁሙ! ቢቸና ላይ የኮምፒውተር መምህር ሆኜ ስንት ዓይነት ቫይረስ አይቻለሁ፤ እንደ ኮሚቴ ያለ ግን... ኧረ በስማም!

ትምህርት ቤታችን መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር አለችው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጻሕፍትና የፈተና ጥያቄ ጭኜባት፣ ልጆቹ ከእሷ እያነበቡ ለፈተና ሊዘጋጁ ነው። ስትከፈት የምትነሳው ግን ጥፍር ከምታህል ሚሞሪ ካርድ ነው። መብራት ድርግም ባለ ቁጥር ካርዱ ይበላሻል፤ መብራቱ ደግሞ ድርግም ማለት አይታክተውም! ሦስተኛው ካርድ ሲሞት እልህ ያዘኝና ሞጣ ድረስ ሄጄ፣ በትምህርት ቤቱ ስም ኤስኤስዲ የሚሉትን የውጭ ዲስክ ገዛሁ። ካርዱን ነቅዬ ጣልኩና ኮምፒውተሯን ከዲስኳ እንድትነሳ አደረግኋት። ምን ልበላችሁ... ገና ከመሰካቷ ብድግ! ሁለት ሳምንት፣ ቅዳሜና እሑድ ሳልል፣ መጻሕፍቱን ዲስኳ ላይ ስጭን ከረምኩ።

የኮምፒውተሯ ምረቃ ዓርብ ሊሆን፣ ረቡዕ ዕለት የንብረት ክፍሉ ጋሽ ሙላት ከተፍ አሉ።

«መምህር፣ ይቺ ዲስክ መጋዘን ገቢ ሳትሆን ነው እንዴ የምትሠራ?»

«ጋሼ፣ ዓርብ ይመረቃል እኮ!»

«ይመረቅ! የንብረት ተረካቢ ኮሚቴው አይቶ ይረከባት፤ ነገ ጧት ትወስዳታለህ።»

ሰጠኋቸው። ምን ላድርግ!

ሐሙስ ጧት እየተጣደፍኩ ወሰድኳትና ሰካኋት። ጥቁር ስክሪን! ነቅዬ ሰካሁ... አሁንም ጥቁር! ወደ መጋዘን በረርኩ።

«ጋሼ፣ ዲስኳን ምን አደረጋችኋት?»

«ምን እናደርጋታለን? መሥራቷን ልናይ መጋዘኑ ኮምፒውተር ላይ ሰካናት። ‹ፎርማት ላድርጋት?› ብሎ ጠየቀን።»

«እና?!»

«እናማ ዝም ብለን አንነካካም፤ ተወያየንበት።»

የመጋዘኑ ኮምፒውተር የእኔን ዲስክ አሠራር ማንበብ አይችልም። ያልገባውን ሁሉ ልደምስሰው ይላል። (ሰውስ ቢሆን እንደዚሁ አይደል?)

«ጋሼ፣ ፎርማት ማለት እኮ ማጥፋት ነው!»

«ማጽዳት ነው እንጂ! ‹ንጹሕ ሆና ተረክበናል› ብለን ቃለ ጉባኤ ይዘናል። በሙሉ ድምፅ!»

ልጆቹ ለፈተናቸው ሦስት ሳምንት ነው የቀራቸው። ሌላ ቅጂስ አትሉኝም? እሱን ተዉኝ! ዓመቱን ሙሉ «ቅጂ ያዙ» እያልኩ አስተምራለሁ፤ እኔ ራሴ ግን አልያዝኩም።

ጩኸቴን ሰምተው ርእሰ መምህሯ ገቡ።

«ምንድን ነው? ማነው የልጆቹን መጻሕፍት ያጠፋው?»

ጉዳቸውን ላወጣላቸው ነው! የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ነጥቄ ከፈትኩት። የጋሼ ፊርማ አለ፤ የጸሐፊዋ አለ፤ ከዚያ በታች... የእኔው ጭረት! ለካስ አምና እኔንም የኮሚቴው አባል አድርገውኛል፤ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ጧት ዲስኳን ልወስድ ስጣደፍ ጸሐፊዋ «ትናንት ያልተገኘህበት ስብሰባ ነው፤ ፈርምበት» ስትለኝ፣ መዝገቡን በር ላይ አስደግፌ ሳላነብ ጫር አድርጌላት ሄጃለሁ። ምን ታዩኛላችሁ? እናንተ አንብባችሁ ነው የምትፈርሙት?

«መምህር፣ እርስዎን እኮ ነው! ማነው ያጠፋው?»

መዝገቡን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።

«ኮሚቴው ነዋ!»