ቀይ ነጥቦች በማስመሪያ

የውሃ ጥገና ቢሮአችን ለሥልጣኔ የዋለውን ውለታ ሳልመሰክር ብሞት አፈሩም አይቀበለኝ።

ግድግዳችን ላይ በተሰቀለው ሰፊ ስክሪን የከተማው ካርታ ይታያል፤ ቧንቧ የፈነዳበት ቦታ ሁሉ በቀይ ነጥብ ይበራል። አለቃችን ታዲያ እያንዳንዱ ነጥብ ከስክሪኑ ጥግ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚርቅ በጽሑፍ ካልቀረበላቸው ጠጋኝ አይልኩም። ሰነድ የሌለው ፍሳሽ ለእሳቸው ወሬ ነው።

«ጌታዬ፣ የሚታዩትን ነጥቦች ቦታ እኮ ፕሮግራሙ ራሱ ያወጣዋል። ካርታው ሲንቀሳቀስም ወዲያው ያስተካክላል» አለች የቢሮአችን ፕሮግራመር።

«ፕሮግራሙ ይፈርማል?»

«ኧረ አይፈርምም።»

«በቃ! ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፣ ልጄ።»

የልኬታ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው የመዝገብ ቤቱ ጋሼ መሰላል ላይ ወጥተው ማስመሪያቸውን ስክሪኑ ላይ ለጠፉ። አሥራ አንድ ነጥብ በአራት ቀን ብቻ ተለክቶ ማኅተም ተመታበት፤ እኔም ከልቤ አጨበጨብኩ። በአምስተኛው ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ ጠረጴዛ ስትወለውል ማውሱን ነካችውና ካርታው ተንሸራተተ።

«ማነው የከተማውን ቧንቧ ያንቀሳቀሰው?» ጮኹ አለቃችን። በዚያው ዕለት «ካርታ ማንቀሳቀስ ሰነድ ማጥፋት ነው» የሚል ማስታወሻ ወጣ። ማውሱም የቢሮው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት፤ ቁልፉንም አለቃችን ራሳቸው ያዙት።

ማክሰኞ ጠዋት የአለቃችን ሚስት ደወሉ። ጩኸታቸው ከስልኩ አልፎ ለሁላችንም ይሰማል።

«ቧንቧው ፈንድቶ ሳሎኑ ባሕር ሆነ! ሰው ላክ እንጂ!»

አለቃችን ወደ ኮሚቴው ዞሩ። «ቶሎ ለኩልኝ!»

«ቤትዎ እኮ ስክሪኑ ላይ አይታይም፤ ከቀኙ ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ወጣ ይላል» አለች ፕሮግራመሯ። «ማውሱን ይስጡኝና ካርታውን ሳብ ላድርገው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ የት ነው?» አሉ አለቃችን በስልኩ።

«ኮትህ ኪስ ውስጥ ነዋ!»

«ኮቴስ?»

«እየዋኘ ነው!»

ጉድ ፈላ! የመዝገብ ቤቱ ጋሼ ግን መች ደንግጠው! መሰላላቸው ላይ ወጡ፣ ማስመሪያቸውን ከስክሪኑ ጠርዝ ወደ ቀኝ ሁለት ጣት አስረዘሙ፣ በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ወርደው ጻፉ። ከዚያም ለአለቃችን እስክሪብቶ አቀበሏቸው።

«ፈነዳ የተባለው ቧንቧ የሚገኘው በቢሮአችን ግድግዳ ላይ ነው። ኮሚቴው ግድግዳውን ዳስሶ ደረቅ ሆኖ አግኝቶታል። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»