ስለ ክብሩ ሣጥን ዝምታ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ክብሩ፣ በመዘምራኑ ደንብ መሠረት ከስብሰባ የቀረ አባል ቃለ ጉባኤው ይደርሰዋል። ይኸው።

ቀን፦ ቅዳሜ፣ መስከረም 25 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9፡00 ሰዓት
ቦታ፦ ሀዋሳ፣ ታቦር፣ እኛ ቤት
የተገኙ፦ ጋሽ ደበሌ (ሰብሳቢ)፣ ወንጌላዊት (ዘማሪ)፣ ኤርሚያስ (ቤዝ ጊታር)፣ እኔ (ታናሽ ወንድምህ፣ ጸሐፊ፤ ዕድሜዬ ስላልደረሰ ድምፅ አልሰጥም)
ያልተገኘ፦ ክብሩ (ኪቦርድ)

ጋሽ ደበሌ ከስምህ ጎን «በፈቃድ» ተብሎ ይጻፍ አሉ። ወንጌላዊት ማን ፈቅዶለት ብላ ጠየቀች። ከረጅም ውይይት በኋላ «ያልተገኘ» ብቻ እንዲባል ተወሰነ። ድምፅ ከሚሰጡት አራት አባላት ሦስቱ ስላሉ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ሁለት ማሽኖች ዝም ስለማለታቸው

ሰብሳቢው እንዳብራሩት፣ ክብሩ ሦስት የጠረጴዛ ሲንተሳይዘሮችን (ድምፅ ፈጣሪ ማሽኖችን) በአንድ የእንጨት ሣጥን ውስጥ በብሎን አስሮ በአንድ ኪቦርድ ይጫወትባቸው ነበር። የኪቦርዱን ትእዛዝ ለአንደኛው፣ ከአንደኛው ለሁለተኛው፣ ከዚያም ለሦስተኛው የሚያደርሱት የሚዲ ገመዶች ናቸው። ከክብሩ የሽኝት ፕሮግራም ወዲህ ግን የሚናገረው አንደኛው ማሽን ብቻ ነው።

ኤርሚያስ መናኸሪያ ካለው ከአብዱልፈታህ ሱቅ አዲስ ገመዶች በትውስት አምጥቶ ቀየረ። ለውጥ የለም። ሰብሳቢው እንጸልይ አሉ፤ ተጸለየ። ለውጥ የለም። ወንጌላዊት ገመዱ አጭር፣ ጸሎቱ ረጅም ነበር የሚል አስተያየት ሰጠች። አስተያየቱ ተመዝግቧል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ኢን እና አውት

ሰብሳቢው አውት (መውጫው) ከኢን (ከመግቢያው) ጋር መገናኘቱ ሥርዓት የለሽ መሆኑን፣ አውት ከአውት፣ ኢን ከኢን ጋር ቢሆን ግን እኩያ ከእኩያው እንደሚግባባ አስረዱ። ኤርሚያስ ይህ በድምፅ ብልጫ የሚወሰን ነገር አይደለም አለ። ይወሰናል አይወሰንም በሚለው ላይ ድምፅ ተሰጥቶ በሁለት ለአንድ ይወሰናል ተባለ። ቀጥሎም በሁለት ለአንድ ተወሰነ።

የውሳኔው ውጤት፦ አንደኛውም ዝም አለ። ገመዶቹ በነበሩበት ተመለሱ።

አጀንዳ 3፦ ሣጥኑን ስለ መበተን

ሰብሳቢው የማይናገር ሣጥን ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሐዘን ከሚቀሰቅስ፣ ማሽኖቹ ተፈትተው አንዱ ለመዘምራኑ፣ አንዱ ለኤርሚያስ፣ አንዱ ለሕፃናት ክፍል ይሰጥ አሉ። ጸሐፊው እጁን አወጣ። ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም ተባለ። ጸሐፊው ጻፈ። ወንጌላዊት፣ «ልጁ ሣጥኑ አይፍረስ ነው የሚለው፤ ሳይናገርም ይሰማል» አለች። በሁለት ለአንድ እንዲበተን ተወሰነ። ኤርሚያስ የደገፈው ሰብሳቢውን አክብሮ መሆኑ ይያዝልኝ ብሏል፤ ተይዟል።

አፈጻጸሙ ወዲያው ተጀመረ። ኤርሚያስ በካቻቢቴ የሁለተኛውን ማሽን ብሎኖች እያላላ ሳለ ወንጌላዊት ኪቦርዱን በክርኗ ተደገፈችው። ሁለተኛው ማሽን ጮኸ።

አጀንዳ 4፦ በድንገት የተያዘ

ብሎኖቹ ሲጠብቁ ማሽኑ ዝም ይላል፤ ሲላሉ ይናገራል። ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። ኤርሚያስ ከኋላ በባትሪ አይቶ፣ አናጺው ሣጥኑን በሁለት ጣት እንዳሳጠረውና ማሽኑ ወደ ውስጥ ሲጠብቅ የገመዱ ራስ ከኋላው ግድግዳ ጋር ተላትሞ እንደሚነቀል፣ የአንደኛው ግን ገመዱ በጎኑ ስለሚገባ እንደማይነካ አስረዳ። ክብሩ ብሎኖቹን አላልቶ የተዋቸው ለዚህ ነበር።

ሰብሳቢው ብሎኖቹን ማን እንዳጠበቃቸው የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም አሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት» አለች ወንጌላዊት። «በሽኝቱ ቀን።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «ጅምር ትቶ ሄደ እንዳይሉት ብዬ ነው» አሉ።

ውሳኔ፦ ከአጀንዳ 1 እስከ 3 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ገመዶቹ ለአብዱልፈታህ ይመለሱ። ሣጥኑ እዚሁ ይቀመጥ። የቀሩትን ብሎኖች ጸሐፊው ያላላ። በሙሉ ድምፅ፤ የጸሐፊውም ተቆጥሯል። ስብሰባው 11፡40 ላይ ተበተነ።

የውሳኔ አፈጻጸም፦ ሰኞ እማማ ለቅሶህ አብቅቶ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ገና ሳይነጋ ወጣች። ቤት ውስጥ ብቻዬን የሆንኩበት የመጀመሪያው ጠዋት ነበር። ዩኒፎርሜን ለበስኩ። የቀሩትን ብሎኖች አንድ በአንድ አላላሁና አንድ ኮርድ ያዝኩ። ሦስቱም ተናገሩ። ድምፁ አንተ በተውክበት ላይ ስለነበር ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ጎረቤታችን ሙንተሃ ግድግዳውን መታች።

«ክብሩ፣ ቀንሰው እንጂ፤ ሕፃኑ ተኝቷል።»

«እሺ» አልኳት። ቀነስኩት።