ለፔቺያማል የመጣው ጉበት

ሰልፍ ባለበት አገር ሁሉ፣ ማንም ሳይሾመው የሰልፉ አዛዥ የሚሆን አንድ ሰው አይጠፋም። በደቡብ ሕንድ፣ በማዱራይ ከተማ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር አያ ቬላይቻሚ ናቸው፤ የአውቶቡስ ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው። «ተራው የማን ነው?» ካሉ ሩዝ የሚታደልበት ሱቅ ደጃፍ ጸጥ ይላል። አንድ ጊዜ መለዮ የለበሰ ፖሊስ እጁን ይዘው ወስደው ከሰልፉ ጭራ አቁመውታል። በገዛ ልጃቸው ሠርግ እንኳ የሙሽራውን አጎት «እርስዎ ሁለተኛው ዙር ላይ ነዎት» ብለው ምግብ ከቀረበበት የሙዝ ቅጠል ፊት አስነሥተዋቸዋል። የሙሽራው ወገን እስከ ዛሬ አኩርፏል።

ባለቤታቸው ፔቺያማል ጉበታቸው ከድቷቸው ለንቅለ ተከላ ሲመዘገቡ፣ እኚህ ሰው የጄያንቲ ራስ ምታት ሆኑ። ጄያንቲ በሆስፒታሉ የንቅለ ተከላ አስተባባሪ ናት። የሟች ቤተሰብ ጉበት ለመለገስ ሲፈቅድ የግዛቱ ቢሮ ለቼናይ፣ ለኮይምባቶርና ለማዱራይ ከተማ ሆስፒታሎች በተራ ያድላል፤ ለጋሹ ጥቂት፣ ጠባቂው ብዙ ነው። አያ ቬላይቻሚም ማክሰኞ ማክሰኞ ቢሮዋ ከተፍ ይላሉ።

«ቼናይ ወሰደች አሉ። ቀጥሎ ማን ነው?»

«ኮይምባቶር፣ አያ።»

«ከዚያስ?»

«እኛ።»

«ቼናዮች በጎን ሰርገው ቢገቡስ? ተራው ሲጠበቅ በዓይንሽ ታያለሽ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። ግን የፔቺያማል ዓይን በየሳምንቱ ይበልጥ ቢጫ እየሆነ፣ ሆዳቸው እየተነፋ ነው። እሷም ሌሊት ስልክ በጮኸ ቁጥር ከአልጋዋ ዘልላ ትነሣለች።

አንድ ጠዋት ተራው ደረሰ። ትሪቺ ውስጥ ከሞተር ብስክሌት የወደቀ ሰው ነበር፤ ቤተሰቡ ፈቀደ፣ የደም ዓይነቱም ገጠመ። ፔቺያማል ተጠርተው መጡ፣ ታጠቡ፣ የቀዶ ጥገና ልብስ ለበሱ። አያ ቬላይቻሚ ኮሪደሩ ላይ እጃቸውን እያፋተጉ ሲንቆራጠጡ የጄያንቲ ስልክ ጮኸ።

የግዛቱ ቢሮ ነው። ቼናይ ውስጥ ጉበቷ በድንገት የቆመ ወጣት አለች፤ ዛሬ ካላገኘች ነገን አታይም። እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ በደንቡ መሠረት የሁሉንም ተራ ያልፋል።

ጄያንቲ ስልኩን ዘግታ ወደ አያ ቬላይቻሚ ሄደች። ከዓለም ሰው ሁሉ ይህን ለእሳቸው መንገር!

«ተራው የማን ነው?» አሉ፣ ሰምተው ሲጨርሱ።

«የእኛ ነበር፣ አያ።»

«ታዲያ?»

«ልጅቷ ዛሬን አታድርም።»

«ፔቺስ?»

«እሳቸው ሊጠብቁ ይችላሉ ብለዋል ሐኪሞቹ።»

«እስከ መቼ?»

«አላውቅም፣ አያ።»

«የእኛ ሰው እንዲህ ቢሆን ቼናይ ትለቅ ነበር?»

«አምና ለቅቃልናለች። እኛ ጋ የታከመች አንዲት አስተማሪ የዳነችው የቼናይን ተራ አልፋ ነው።»

አያ ቬላይቻሚ ወደ ባለቤታቸው ገቡ፤ ጄያንቲም በሩ ላይ ቆማ ሰማች።

«ፔቺ፣ ዛሬ አይደለም። ከአንቺ የባሰባት ልጅ ተገኘች።»

ፔቺያማል «ታዲያ እዚህ ምን ትገተራለህ?» አሉ በደከመ ድምፅ። «ሂድና ደርሶላት እንደሆነ ጠይቅ።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጄያንቲ ከአያ ቬላይቻሚ ጥያቄ ፋታ አላገኘችም። «ጉበቱን የያዘው መኪና የት ደረሰ? መንገዱ ተዘግቶ ቢሆንስ? ደውዪ እንጂ!» ምሳ አቀረበችላቸው፤ አልቀመሱም። ወንበር ሰጠቻቸው፤ አልተቀመጡም። ስሟን እንኳ ለማያውቋት ልጅ ላብ አጠመቃቸው። ሲመሻሽ ከቼናይ ተደወለ።

«ገባላት፣ አያ። ደሙ በአዲሱ ጉበት መዘዋወር ጀምሯል።»

አያ ቬላይቻሚ ትከሻቸው ላይ ያለውን ፎጣ ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ። ጄያንቲ ትከሻቸው ሲርገበገብ አይታ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ለፔቺያማል ሌላ ጉበት የመጣው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ቀዶ ጥገናው ረጅም ነበር፤ ማገገሙ ደግሞ ከዚያ ይረዝማል።

አሁን ለምርመራ የሚመጡት አልፎ አልፎ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ቀጠሮ ነበራቸው፤ ቀሩ። ጄያንቲ በሩን ስታይ ረፈደ። መጥፎ መጥፎው ብቻ እየታሰባት፣ በመጨረሻ ስልኩን አነሣች።

«ማነው?» አለ የሴት ድምፅ፣ ጆሮ በሚበጥስ ጉልበት።

«ጄያንቲ ነኝ፣ እማማ። ቀራችሁብኝ፤ ደህና ናችሁ?»

«እኔማ ለባብሼ ቁጭ ብያለሁ! አውቶቡስ ላስቁም ብሎ እንደወጣ ቀረ። ተሳፋሪውን ተራ ላስይዝ ብሎ የሚጮኸው እስከዚህ ይሰማል፤ ሾፌሩን ሳያስለቅሰው አይመለስም።»

ጄያንቲ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሐኪሙ ሳያያቸው እንዳይወጣ ልትለምነው ወደ ክፍሉ ሮጠች።